የአካፋው ምልክት

የመካነ ሰላም ትምህርት ቤት ስካውቶች ደረታቸው ላይ የሚያደርጉትን ምልክት የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም። የባልትና አስተማሪ ነበርኩ፤ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የስፌት መኪና የምትነዳ ሴት ከእኔ ሌላ ስላልነበረች “አንቺ ታውቂበታለሽ” ብለው ጫኑብኝ፤ እኔም እያጉረመረምኩ ተሸከምኩት። ማጉረምረም እወዳለሁ። ሥራም እወዳለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ካልከለከሉኝ ከማንም ጋር ተስማምቼ እኖራለሁ።

ስካውት ምን እንደሆነ የልጅ ልጆቼ አያውቁም። “ወታደር ነበሩ እንዴ?” ይሉኛል። ኧረ የምን ወታደር! ካኪ ሸሚዝና ካኪ ቁምጣ የለበሱ ተማሪዎች ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ጨርቅ ይቋጥራሉ፣ በሦስት ጣት ሰላምታ ይሰጣሉ። ችግኝ ይተክላሉ፣ ምንጭ ይጠርጋሉ፣ በበዓል ቀን ከሰልፉ ፊት ፊት ይሄዳሉ። አንድ ዓመት ሳያቋርጥ ያገለገለ ልጅ አንድ ኮከብ ያገኛል፤ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሁለት። ለዚያች ኮከብ ሲሉ የሚሆኑትን መሆን ብታዩ!

የመጀመሪያዎቹ ኮከቦች ከአዲስ አበባ የመጡ የነሐስ ነበሩ። ትንንሽ፣ ከኋላቸው መርፌ ያላቸው፣ ሲያዩዋቸው የሚያምሩ። የመጡት ግን አንዴ ብቻ ነው። በዓመቱ “ይላካል” ተባለ፤ በሚቀጥለውም ዓመት “ይላካል” ተባለ። ልጆቹ አገልግለው ደረታቸው ባዶ ቀረ። መሪያቸው ከሸዋ የመጣ የሳይንስ አስተማሪ ነበር፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ቅን ሰው፤ ነገር ማሳደር አይችልም። የላምባ ቆርቆሮ አስቆረጠና ኮከብ አሠራ። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ዛገ። ዝገቱ እየወረደ የልጆቹን ኪስ አበላሸው፤ እናቶቻቸው ትምህርት ቤቱ በር ላይ መጥተው “ይህን ሸሚዝ ማን ያጥባል?” እያሉ ጮኹ። ከፊት ሆና የምትጮኸው የገዛ እናቴ ናት፤ ወንድሜ ስካውት ነበርና።

ነገሩ ወደ እኔ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ መቶ አለቃ ብል የበላው ባርኔጣቸውን ሰጡን፤ ከእሱ ኮከብ ቆረጥኩ። ለትንንሾቹ አረንጓዴ መደብ፣ ለትልልቆቹ ቀይ መደብ እያደረግሁ ሰፋሁ። ቀጥሎ የሥራ ምልክት የሚባል መጣ። ቁስል ማሰር ለተማረ የመስቀል ምልክት፣ ምግብ ማብሰል ለቻለ ድስት፣ ችግኝ ላጸደቀ ቅጠል። ድስቷን የሰፋሁለት ልጅ ሽሮ አሳርሮ የመጣ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ መሪው “አለፈ” አለ።

ንጉሡ ከወረዱ በኋላ አዲሶቹ ሹማምንት “ይኼ የድሮው ሥርዓት ጌጥ ነው” ብለው ስካውቱን አፈረሱት። ልጆቹ ሸሚዛቸውን ከነኮከቡ አስረከቡ። አንዳንዷ እናት ግን ብልህ ናት፤ ኮከቡን ተርትራ ሸሚዙን ለታናሹ አለበሰችው። በእኛ ከተማ ምልክት የሚባለው ነገር በዚህ አለቀ። እኔ የማወራው ግን ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በድርቁ ጊዜ ስለሰፋሁት ምልክት ነው። አካፋ ያለበት።

በዚያ ዓመት ሰው ከዓባይና ከበሽሎ ቆላ እየወጣ ወደ ከተማችን መጣ። መጀመሪያ አንዳንድ ቤተሰብ ነበር፤ እንግዳ አስተናግደን “አብሽሩ፣ ያልፋል” አልናቸው። ኋላ መንገዱ ሞላ። ከከተማው ጫፍ ያላለቀ የእህል መጋዘን ነበር፤ እሱ መጠለያ ተባለ። በከባድ መኪና የዕርዳታ ስንዴ ይመጣል፣ ሲመጣ ማለቴ ነው። ስካውቶቹ ውሃ ይቀዳሉ፣ ያፈላሉ፣ አጥሚት ያድላሉ። ወንድሜ በዕድሜም በኮከብም ከሁሉም ይበልጥ ስለነበር ልጆቹን የሚያሰማራው እሱ ነው። ሳቂታ ነበር። የከሳ ሰው ፊት እንኳ ይቀልዳል፤ የሚገርመው ደግሞ ይስቁለታል።

ከዚያ ሞት መጣ። ሟች አለ፣ ቀባሪ የለም። እዚህ ላይ ቅሬ ምን እንደሆነ ልናገር፤ በሌላው አገር ዕድር ይሉታል። በእኛ ወሎ ቅሬ የሌለው ሰው ሰው አይባልም። በየሰፈሩ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ ቅሬው ይወጣል፣ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ድንኳን ይጥላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሐዘንተኛውን ይዞ ይቀመጣል። የቆፈረ ሰው ምስጋና የለውም፤ እጁን ታጥቦ ንፍሮ ቀምሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። “ቀባሪ አያሳጣህ” ይሉታል፣ በቃ። የመጠለያው ሰዎች ቅሬያቸውን ቆላ ጥለውት መጥተዋል፤ ቅሬው ራሱ በየመንገዱ ተበትኗል፣ ግማሹም አልቋል። የእኛ ከተማ ቅሬ ደግሞ ለአባሉ ነው።

የመጀመሪያዋ ሟች ስታርፍ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። መሪው እንኳ፣ ያ ችኩል ሰው፣ ቆሞ ቀረ። አካፋውን ያነሳው ወንድሜ ነው። ከዚያ ወዲያ ሥራው የእሱና የትልልቆቹ ልጆች ሆነ። አንገቱ ላይ ማተብ ያለው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ የሌለው ወደ እስላም መቃብር ይሄዳል። ስም ጠይቆ መለየት በእኛ አገር አይሆንም፤ አባትየው እስላም፣ ልጁ የክርስቲያን ስም ያለው፣ አጎቱ ቄስ የሆነ ስንት አለ! ማተብ የሌለው ሕፃን ሲሆን አጠገቡ የተኛውን ይጠይቃሉ። የሰፈራችን ሼህ “እጥበቱና ከፈኑ በእኔ፣ ጉድጓዱ በእናንተ” አሉ፤ ቄሱም እንዲሁ አሉ። የመገነዣ ጨርቅ ሲያልቅ ጆንያ እየተረተርኩ እልክ ነበር።

መሪው ይህን ሁሉ ያያል። አንድ ቀን ወረቀት ላይ የሣላት ምልክት ይዞ ክፍሌ መጣ፤ ክብ መደብ፣ መሐሉ ላይ ቀጥ ያለች አካፋ።

“ምግብ ላበሰለ ምልክት ሰጥተናል፣ ለእነዚህማ እንዴት እንከለክላለን?” አለኝ። ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

እኔም ነገሩ አንጀቴን በላው። ተቀምጬ ሰፋሁ። ሌሎቹን ምልክቶች እያጉረመረምኩ ነበር የሰፋሁት፤ ይችን ግን ዝም ብዬ። ከሰፋኋቸው ሁሉ እጅግ ያማረችው እሷ ነበረች፤ ሌላው ቢቀር እጄን አላማውም።

ወንድሜ ሸሚዙ ላይ አድርጓት ቤት ገባ። እናቴ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷን አስቀመጠች። የጠየቀችው እሱን አይደለም፣ እኔን ነው።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“የአገልግሎት ምልክት ነው።”

“የምን አገልግሎት?”

“ሰው የቀበሩበት።”

“ወይ አንቺ ልጅ፣ ዐይንሽን ላፈር!” አለች። “ለቀብር ሽልማት? አባትሽን የቀበሩት ምን ተሸለሙ? ለቀባሪ ዋጋ ከተቆረጠለት ሞት አይናፍቅም? ዛሬ አንድ አካፋ፣ ነገ ሁለት አካፋ እያልሽ ልትሰፊለት ነው? ልጄን የሞት ነጋዴ አደረግሽው!”

“እማዬ፣ እታለምን ተያት፣ እኔ ነኝ የለበስኩት” አለ ወንድሜ።

“አንተ አፍህን ያዝ! አውልቅ!”

አወለቀ። እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ክሩን በመርፌ ተረተረችው። ታገስኩ ብል እዋሻለሁ፤ አልታገስኩም፤ ያን ያህል ደክሜ የሰፋሁትን ስትተረትር እንደ ድመት ነበር የምቧጥጣት። ቃል ተለዋወጥን። እሷ አንድ ስትል እኔ ሁለት። በማግሥቱ የሌሎቹም እናቶች እንዲሁ ማድረጋቸውን ሰማሁ። እርስ በርሳቸው አልተማከሩም፤ ግን ሁሉም ያሉት አንድ ነው፦ ለቀብር ምልክት አይሰጥም። መሪው ደነገጠ። የቀሩትን ምልክቶች ሰብስቦ ወሰዳቸው፤ የት እንዳደረሳቸው አላውቅም፣ አልጠየቅሁትም። ዛሬ ሳስበው በምልክቱ ነገር እናቴ ልክ ነበረች። ቀጥሎ የመጣው ግን የምልክት ነገር አልነበረም።

ተስቦ ገብቶ ነበር። መጠለያው ውስጥ ጀመረ፤ ከዚያ ከተማ ዘለቀ። ከቅሬያችን ሁለት ሰው በላ። ቅሬው ተሰበሰበና መጠለያ የሚገባ ሰው ያለበት ቤት በሽታው እስኪያልፍ ለቅሶ እንዳይደርስ፣ ቅሬውም እዚያ ቤት እንዳይገባ ወሰነ። የቅሬያችን ዳኛ፣ አለቃው ማለቴ ነው፣ እህል ነጋዴ፣ ዝምተኛ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ራሳቸው ደጃችን ድረስ መጥተው ነገሯት። “ልጅሽን ያዥው፤ ከያዝሽው ምንም አልተነካም” አሉ። ፈርተው ነው፤ አልፈርድባቸውም። ማለቴ፣ ዛሬ አልፈርድባቸውም።

እንግዲህ ነገሩ ይኼው ነው፦ ወይ ወንድሜ መጠለያውን ይተዋል፣ ወይ እኛ ቤት ሰው ቢሞት ቀባሪ የለንም። እናቴ ባሏን የቀበረላት ቅሬ ነው። ረኀብን አትፈራም፤ በሽታን እንኳ ያን ያህል አትፈራም። ጥሩምባ ሳይነፋላት መቀበር ነው የምትፈራው። ለመነችው። እናቴ ልመና አታውቅም ነበር።

“ልጄ፣ በሽታው ይገድላል” አለችው።

“ለቀባሪው አረዱት” አለና ሳቀ። እሷም ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ያ ልጅ እንዲህ ነበር። ከዚያ ሳቁን ትቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። “እማዬ፣ እኛ ቅሬያችን ቢተወን ተመልሶ ይታረቀናል። እነሱ ማን አላቸው? ምልክቱን ነቀልሽ፤ ምንም አላልኩም። ይኼን ግን አትበይኝ።”

እናቴ እንዝርቷን አነሳች። እኔ ከእሱ ጎን ቆምኩ፤ ዛሬም ቢሆን እቆማለሁ። በማግሥቱ ሸሚዙን፣ ምልክት የሌለውን፣ ለብሶ ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲያ ጎረቤት በሩቁ ሰላም ይለን ጀመር። ጥሩምባ ሲነፋ እናቴ ነጠላዋን አንስታ ብድግ ትላለች፤ ከዚያ ታስታውስና ትቀመጣለች።

ክረምቱ መሐል ላይ ተስቦው ያዘው። ራሴን አለ፣ ወገቤን አለ፣ ቀጥሎ መቃዠት መጣ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ደጃፍ ላይ ቆሞ ኪኒን አቀበለኝ፤ እሱም ልጆች አሉት። በዚያ ሰሞን የከተማው ሰው በሙሉ ሬዲዮ ላይ ተጥዶ ነበር፤ ሚኒስትር ታሰረ፣ ጄኔራል ታሰረ ይባላል። እኛ ቤት አንድ ወሬ ብቻ ነበር፦ ትኩሳቱ ወረደ ወይስ አልወረደም። አልወረደም። አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ ወንድሜ አረፈ።

እናቴ አልጮኸችም። እኔ አፌን ስከፍት በእጇ ከደነችኝ።

“ዝም በይ” አለች። “ከጮኽን ይሰማሉ። ሰምተው ሲቀሩ ማየት አልችልም።”

በአገራችን ሰው ሞቶ ዝም የሚባልበት ቤት አይቼ አላውቅም። ነጠላዋን ነክሳ ሬሳው አጠገብ ተቀመጠች። ወደ መሪው አንድ ልጅ ልኬ ነበርና እየሮጠ መጣ፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ። አንድ ጊዜ አየንና ዞረ። “አካፋዎቹ መጠለያ ናቸው፣ አመጣለሁ” ብሎ ሄደ። የት ይቆፍር፣ ከማን ጋር ይቆፍር፣ አልጠየቅነውም። ስካውቶቹን እናቶቻቸው ቆልፈውባቸዋል። ከቅሬው ዳኛ መልእክት መጣ፤ ከልብ አዝነዋል፣ ቶሎ ይቀበር፣ ጊዜው ሲያልፍ ይደርሱናል። እናቴ ሰምታ ራሷን ነቀነቀች።

ትንሽ ቆይቶ ውጭ የእግር ድምፅ ሰማሁ። የአንድ ሰው አይደለም። ወጥቼ ሳይ መንገዱ ላይ የመጠለያው ሰዎች ይመጣሉ። መሄድ የቻለው ሁሉ ነው፤ ጆንያ የደረበ አለ፣ የተደጋገፈ አለ፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ የሚያርፍ አለ። መሪው አካፋ ተሸክሞ ከኋላቸው ነው። ሊወስድ ሲገባ “ለማን ነው?” ብለው ጠይቀውት ነግሯቸዋል። ከፊት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ የዓባይ ቆላ ሰው፣ እስላም። ሚስታቸውንና ልጃቸውን የቀበረላቸው ወንድሜ ነው። ደጃፉ ላይ ቆመው ወደ እናቴ አጎነበሱ።

“አላህ ያጥናዎት እመይቴ” አሉ። “የቅሬያችን ዳኛ አረፈ ሲሉን መጣን።”

እናቴ ግራ ገባት። “እሳቸው ምን ሆኑ? አሁን እኮ መልእክት ልከውብኝ ነበር” አለች።

“ልጅዎ ነው እንጂ” አሉ ሽማግሌው። “እኛ እዚህ አገር ማንም አልነበረንም። ልጅዎ ሲቀብርልን ጊዜ፣ ‘እንግዲህ ቅሬያችን አንተ ነህ፣ ዳኝነቱንም ያዝልን’ አልነው። ሳቀብን። ሳቀ እንጂ አልተወንም። ዳኛውን የማይቀብር ቅሬ የለም፣ እመይቴ።”

እናቴ ያን ጊዜ ጮኸች። ኡኡታዋ ሰፈሩን አናወጠው። የመጠለያው ሴቶች ተቀበሏት፤ ከዚያ የከሳ አካል ያ ሁሉ ድምፅ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ጎረቤቶቻችን በየአጥራቸው ላይ ወጥተው ያያሉ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። ዘለው የመጡም ነበሩ፤ ሁለት ስካውቶች እናቶቻቸውን አምልጠው መጡ።

ቆፈሩ። አቅም የላቸውም፤ አንዱ ሁለት ሦስት አካፋ ያወጣና ለሚቀጥለው ይሰጣል። እስላሙም ክርስቲያኑም። ዝናቡ ጉድጓዱን ይሞላል፣ በእጃቸው ይቀዳሉ። ቄሱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ እስላሞቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው ዱዓ አደረጉ። ስንመለስ ቤታችን ንፍሮ አገኘሁ። የዕለት ስንዴያቸውን ቀቅለውት ነው። እናቴ እፍኝ ዘግና ቀመሰች፤ እኔ የደረሰኝን ወደ ጎን አኖርኩት። “ብይ!” አለችኝ። “የማን እንደሆነ አታውቂም? ብይ!” በላሁ።

በሦስተኛው ቀን የቅሬያችን ዳኛ ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። እናቴ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀምጣለች። እሳቸው ከደጃፉ አልፈው አልገቡም፤ ፈርተው ሳይሆን አፍረው ይመስለኛል።

“ተመካክረናል” አሉ። “ያደረግነው ጥፋት ነው፤ ሰው ፈርቶ ነው። ካሳ ጣይብን፤ ብቻ ወደ ቅሬሽ ተመለሽ።”

አንጀቴ ተቃጥሎ ስለነበር አንድ ቃል ልወረውር አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

“ጌታዬ፣ አልተቀየምኩም” አለች። ድምፅዋ የሰለለ ነበር። “አንቱን አልጠላም። ቅሬ ግን አለኝ።”

 ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። እንዲህ ሆነው እንደቆሙ የቆላው ሽማግሌ ከአጥሩ በኩል ብቅ አሉ፤ ሰዎቹን ሲያዩ ወደ ኋላ ሊሉ ነበር። ሐዘንተኛ በሦስተኛው ቀን ከቤቷ አትወጣም፤ እሳቸውም ያውቃሉ። እናቴ ግን አየቻቸው።

“ምነው አባቴ? ማን ነው?” አለች።

“ምንም አይደል እመይቴ፣ አረፍ ይበሉ” አሉ። አንድ እርምጃ ተመልሰው ግን፣ “ትናንት ከበሽሎ በኩል የመጣች ሴት ናት። ዛሬ አረፈች። ሰው የላትም” አሉ።

እናቴ እጇን መሬት ተክላ ተነሳች።

“እንዴት ሰው የላትም?” አለች ቆጣ ብላ፣ መቀነቷን እያጠበቀች። “እኔ እየመጣሁ አይደል?”